እቴቴ የመከረችኝ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ላሳደገችኝ አክስቴ፣ ለእቴቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለፈው የጤና ጣቢያውን ደረጃ ስወጣ አስቸገረኝ ብለሽኝ ነበር። ፈጣሪ ጉልበትሽንም እጅሽንም ያበርታልኝ፤ ገና ብዙ ሕፃን ይቀበላልና። እኔ ደህና ነኝ። ባሌም ደህና ነው፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። ለእናቱ ግን "ሾፌር ሆኛለሁ" ብሎ ስለጻፈላት፣ አማቴ ግድግዳ የምትጋራሽ ጎረቤትሽ ናትና እንዳታጋልጪው አደራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አርግዣለሁ፤ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። እኔን ራሴን ከእህትሽ ማኅፀን የተቀበልሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ከሁሉ ቀድመሽ መስማት ነበረብሽ። ዘገየሁ። የዘገየሁበት ምክንያት አለኝ፤ ልንገርሽና ፍረጂኝ።

እንደምታውቂው ኬሚስትሪ ተመርቄ የሆቴል አንሶላ እተኩሳለሁ። ዲግሪዬ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ እዚህ በሰው አገር የጠየቀኝ ሰው የለም። የምንሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም፤ መተኮሻው ማሽን ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ይተፋል። ዕረፍት የሚባለው ምሳ ብቻ ነው። የሚያጨሱት ግን ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ከሰዓት አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ደረጃ እንዲወጡ ይፈቀድላቸዋል። የማያጨስ ሰው ምን ሊሠራ ይወጣል ነው የሚለው አለቃችን። እኔም እግሬ ሲያብጥብኝ አንድ ሲጋራ ለመንኩና ሳልለኩስ ይዤ ከእነሱ ጋር ቆምኩ። አለቃው ወጥቶ አየኝና "ይህቺ ደግሞ ለጌጥ ነው የያዘችው?" ብሎ ሳቀብኝ። በማግስቱ ለኮስኩት። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ።

በቀን ሦስት ነው። ጠዋት፣ ምሳ ሰዓት፣ ከሰዓት። እዚህ ሐኪም ቤት ፎርም ሲያስሞሉኝ "ያጨሳሉ?" ለሚለው "አላጨስም" ብዬ አስጽፌያለሁ። አስተርጓሚዋ የእኛው ልጅ ናት፤ ከንፈሯ ወሬ አይቋጥርም። ስለዚህ የምጠይቀው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ምን ላድርግ?

የእህትሽ ልጅ፣ ቁንዶ


ኅዳር 9 ቀን

ለልጄ ለቁንዶ በርበሬ፤

ደስታ አንገትሽን አቅፎ ይሳምሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው፤ ጓንቴን ሳላወልቅ ልከፍተው ስል ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። አያት ልሆን ነው ብዬ ለጥበቃው ሳይቀር ነግሬያለሁ። ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ፤ ቀኑን ያቅልልሽ። ሆድሽ ሾል ያለ ነው ወይስ ጎንሽን ያሰፋው? ፎቶ ላኪልኝ፤ አይቼ ወንድ ይሁን ሴት እነግርሻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከግማሽ በላይ አልሳትኩም።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ አትጨነቂ። ድንገት ማቆም የሚባል ነገር ብቻ እንዳታስቢ። የለመደ ደም በአንድ ቀን ሲከለከል ይደነግጣል፤ የእናት ድንጋጤ ደግሞ የሚያርፈው ፅንሱ ላይ ነው። ቀስ እያልሽ፣ ሰውነትሽን እያባበልሽ ቀንሺ። ሦስት ደግሞ ይኸን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። እንዲያውም የሚያጨሱ እናቶች ልጅ አነስ ብሎ ስለሚመጣ ምጡ ይቀላል፤ በገዛ እጄ ያየሁት ነው። ያሠለጠነችኝ ትልቋ አዋላጅም የምትለው ይኸንኑ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ብዬ መክሬያት ያፈርኩባት እናት የለችም።

ለአማትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ለባልሽም ቢሆን ደብዳቤዬን አታሳዪው፤ ወንድ ልጅ ለእናቱ ይነግራል።

የምትሳሳልሽ እቴቴሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፤

የእኔን ጭንቀት ከላዬ እንዳነሳሽልኝ ፈጣሪ የአንቺን ሁሉ ያንሳልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ እንደ ልጅ ተኛሁ። ፎቶውን ይኸው ልኬያለሁ፤ ኮቱን ክፈቺው እያለ ያነሳኝ ባሌ ነው።

አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ትልቅ ሴት አለች፤ እማማ እንፋሎት ነው የምንላት፣ ከማሽኑ አጠገብ ስለማትጠፋ። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ መጥታ ሲጋራውን ከከንፈሬ ነጠቀችኝና "አሁን የምታጨሺው ለሁለት ነው፤ አንደኛው ደግሞ ፈቃዱን አልሰጠሽም" አለችኝ። እኔ ዝም እላለሁ እንዴ? አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሕፃን ስታዋልድ አንቺ አንሶላ ነው ያዋለድሽው አልኳት። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ባሌ ማታ ማታ መስኮት ከፍቶ ያጨሳል፤ አሁን ነፍሰ ጡር ስለሆንሽ ብዬ ነው መስኮት የከፈትኩት ይላል፣ እንደ ውለታ። አንዳንዴ የተማርኩት ትዝ ይለኝና ልከራከርሽ እፈልጋለሁ። ከዚያ ግን የአንቺ እጅ ከእኔ መጽሐፍ ይበልጣል ብዬ እተወዋለሁ።

ትናንት ሐኪሟ ሆዴን በሜትር ለካችና እንደገና ለካች። ከዚያ ሌላ ሐኪም ጠራች። አስተርጓሚዋ "ለወሩ አነስ ያለ ነው" አለችኝ። ምጡ ይቀላል ማለት ነው፤ አይደል? ቶሎ መልሺልኝ።

ቁንዶ


የካቲት 3 ቀን

ለልጄ ለቁንዶ፤

ሰላምና ጤና ቤትሽን አይልቀቅ። ምላሼ በመዘግየቱ እንዳትቀየሚኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ለአምስት ቀን ሥልጠና ወስደውን ነበር፤ ምሳው ጥሩ ነበር። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ አናጺው ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሰኛል። አማትሽ ለልጁ ቢጫ ሹራብ ጀምራለች፤ እጅጌው አንዱ ከአንዱ ይረዝማል፣ አልነገርኳትም። ጉልበቴ ተሽሎታል። ፎቶሽን አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ፤ ሴት ናት።

በነገራችን ላይ ያቺን የሲጋራ ነገር ብትተያት ይሻላል። ዛሬውኑ። ቀስ በቀስ ያልኩሽን እርሺው። ባልሽም ውጭ ወጥቶ ያጭስ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

እቴቴሽ


መጋቢት 11 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላምታዬን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የካቲት 12 ቀን ከሰዓት በፊት ሥራ ላይ እንዳለሁ ደም ፈሰሰኝ። ሕመሙ እንደሚሉት እየመጣ የሚሄድ አልነበረም፤ መጥቶ አልለቀቀኝም። እማማ እንፋሎት ገና የተተኮሰ የሆቴል አንሶላ አገልድማኝ፣ አለቃው ስለ አንሶላው ሲጮህ በክርኗ ገፍታው፣ መኪና ውስጥ አስገባችኝ። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። የእንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ተላቆ ነበር። ሐኪሟ ከዚህ በኋላ ሩብ ሰዓት ቆይተሽ ቢሆን አንዳችሁም አትገኙም ነበር አለችኝ።

ሴት ናት፤ ልክ ነዎት። ከወር በላይ ቀድማ መጣች። አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ናት፤ በአፍንጫዋ ቱቦ አለ። የመዳፌን ያህል ደረት ሲወርድና ሲወጣ በመስታወት አያለሁ። ወርዶ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ያኔ ደወል ይጮሃል፤ ነርሷ መጥታ ውስጥ እግሯን ትነካካታለች፤ እንደገና ይወጣል። እስኪወጣ ድረስ እኔም አልተነፍስም።

ሐኪሟ ታጨሺያለሽ ወይ ብላ እንደገና ጠየቀችኝ። አስተርጓሚዋ ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ አዎን አልኩ። ችግር የለውም ብሎ ማን ነገረሽ አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ልጄ በተወለደች በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከፈትኩት። ጣሪያ፣ አናጺ፣ ቢጫ ሹራብ። ከዚያ "በነገራችን ላይ" ይላል። የልጄ ነገር በነገራችን ላይ ነው?

"ምክንያቱን ሌላ ጊዜ" ብለዋል። ሌላው ጊዜ አሁን ነው። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማባበያ ሳይጨምሩ ይመልሱልኝ። መቼ አወቁ?

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 6 ቀን

ለልጄ፤

ለዚያች ደረት ፈጣሪ ትንፋሽ አይንፈጋት። ከዚህ ሌላ ምርቃት የለኝም፤ ሌላው ሁሉ አልቋል።

ጥር 8 ቀን አወቅሁ።

ሥልጠናው ላይ ያስተማረችን አንቺን የምታህል ወጣት ሐኪም ናት። አርባ አዋላጆች ነበርን። ለነፍሰ ጡር ሴት ድንገት ማቆም ፅንሱን ያስደነግጣል የምትሉ እጃችሁን አውጡ አለች። ከሁሉ ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጎበዝ ተማሪ ለመምሰል። ዞር ብዬ ሳይ ግማሹ ክፍል አውጥቷል። አልሳቀችብንም። ጭሱ የእናቲቱ ደም ለፅንሱ የሚያደርሰውን አየር እንደሚቀማ፣ የደም ሥሩን እንደሚያጠብ፣ የእንግዴ ልጁን ያለ ጊዜው እንደሚያላቅቅ እያሳየች ነገረችን። በየትኛውም ወር ብታቆም፣ ያቆመችበት ቀን ለፅንሱ እንደሚጠቅመው ነገረችን። አንዷ፣ ምናልባት እኔ፣ ልጁ አነስ ሲል ምጥ ይቀላል አለች። "ልጁ ያነሰው ስለተራበ ነው፤ በረሃብ የሚቀል ምጥ ለማን ይጠቅማል?" አለችን።

የዚያኑ ዕለት ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ጀመርኩ፤ ቀደድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሰፈር "እቴቴ ብላለች" ከተባለ ክርክር ይቆማል። ተሳስቼ ነበር ብሎ መጻፍ እጄ ላይ እምቢ አለ። ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ሃያ አምስት ቀን አለፈ። በመጨረሻ የጻፍኩልሽን ታውቂዋለሽ፤ ጣሪያና ሹራብ ውስጥ ደበቅሁት።

ደብዳቤ በሃያ ሦስት ቀን ይደርስሻል። ጥር 9 ልኬው ቢሆን ከምጥሽ አሥር ቀን ቀድሞ እጅሽ ይገባ ነበር። አሥር ቀን ምን ይለውጣል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬ ነበር። አላሳመንኩትም።

እርስዎ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ይገባኛል ግን። የልጅቷን ወሬ ብቻ አትከልክዪኝ።

አክስትሽ


ሰኔ 5 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፤

ዕድሜ ይስጥሽ፤ ይኸን የምልሽ ከልቤ ነው፤ በሕይወት ቆይተሽ የምትመልሽልኝ ነገር ስላለ።

ሁለት ወር ዝም ያልኩሽ ስለተናደድኩ ብቻ አይደለም። የምነግርሽ ስላለኝና እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። ያንን ከአንቺ ነው የወረስኩት።

በቀን ሦስት አልነበረም። አሥራ አንድ ነበር። ሦስቱ የኋላ ደረጃው ነው። ስምንቱ ቤት ውስጥ ከባሌ ጋር ነው፤ አንድ ፓኬት መሃላችን አስቀምጠን። ለሦስት ጠየቅሁሽ፣ አንቺም ለሦስት መለስሽልኝ። ይህ አንቺን ነፃ አያወጣሽም። አሥራ አንድ ብልሽም ቀስ እያልሽ ቀንሺ ነበር የምትዪኝ፤ አውቅሻለሁ። ግን እኔም ነፃ አልወጣም። ጭስ ውስጥ ያለው ጋዝ ደም ላይ የኦክስጅንን ቦታ እንደሚይዝ የሦስተኛ ዓመት ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። አውቅ ነበር። ጥያቄ የጠየቅሁሽ አስመስዬ ፈቃድ ነበር የለመንኩሽ፤ ሰጠሽኝ።

ልጄ በሃምሳ አራተኛ ቀኗ ቤት ገባች። ስታጉረመርም ደረቷ እንደ ሰባራ መስኮት ያፏጫል። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ እኔንና ባሌን አስቀምጣ ነገረችን። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ተኝተው ሳሉ ትንፋሻቸው ሊቋረጥ ይችላል፤ ጭስ ያለበት ቤት ደግሞ አደጋውን ያበዛዋል። ቤት ውስጥ ፈጽሞ እንዳይጨስ፣ አጭሶ የመጣ ሰው ልብሱን ሳይለውጥ እንዳያቅፋት። እኔ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንድም ቀን አልነካሁም። እሱ ራሱን ነቀነቀና ቤት እንደገባን መስኮት ከፈተ። ለመንኩት። ተቆጣሁት። "በሆድሽ ይዘሽ ያጨስሽባት አንቺ፣ አሁን የእኔ መስኮት ነው የሚገድላት?" አለኝ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ታጥቤ ስወጣ፣ እሱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያጨሳል፤ እሷ አጠገቡ ተኝታለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ነርሷ እንዳደረገችው ውስጥ እግሯን መታ መታ አደረግሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው አለቀሰች። እሱ ደንግጦ ቁጭ አለ፤ ሲጋራው ግን እጁ ላይ ነበር። ሻንጣውን ደረጃው ላይ አወጣሁለት። አልጮህኩም። እንኳን ቁንዶ በርበሬ ልሆን፣ ውኃ ነበር የምመስለው።

አሁን ለእናቱ ልጄን በጭስ አቃጥላ እኔን አባረረችኝ ብሎ ጽፏል አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ዘመዶቹ ወደ አንቺ ይመጣሉ። ምን እንደምትያቸው አላዝዝሽም።

ቁንዶ


ሐምሌ 8 ቀን

ለልጄ ለቁንዶ፤

የልጅሽን ሳቅ ያሰማሽ።

መጡ ሳይሆን ጠሩኝ። አማትሽ ቤት ስገባ ሰባት ሰው ተቀምጧል። የባልሽ አጎት፣ ያ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ በእኔ ስም ደብዳቤ አርቅቆ ጨርሶ "እርስዎ ይፈርሙበት ብቻ" ብሎ ሰጠኝ። ልጄ ሆይ፣ ባልሽን ወደ ቤቱ መልሺ፤ ትዳር በሲጋራ አይፈርስም ይላል። ጽሑፉ ያምራል፤ በሁለት ቦታ ላይ እኔ አለቅሳለሁ። አማትሽ ልጇ ጓደኛው ቤት ወለል ላይ እንደሚያድር ነገረችን፤ እውነቷን ነው፣ እናት ናት። አንዱ መስኮት እስከተከፈተ ድረስ ምን ችግር አለው አለ። ሌላው እኛም ጭስ ውስጥ ነው ያደግነው አለ። አጎትየው "እቴቴ ካዘዘቻት እምቢ አትልም" ብሎ እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

ያኔ ተነሳሁ። ጉልበቴን ይዤ ነው የተነሳሁት።

"ልክ ናችሁ፤ ካዘዝኳት እምቢ አትልም" አልኳቸው። "በጥቅምት ላቁም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አታቁሚ አልኳት። ጥር ላይ መሳሳቴን አወቅሁ፤ አፍሬ ዝም አልኳት። የልጅቷ ደረት የሚያፏጨው በእኔ ምክር ነው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ መክሬያታለሁ፤ ሁለተኛ አልመክራትም።"

ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማንም አላነሳውም። አማትሽ "ለስንቷ ነው እንዲህ ያልሻት?" አለችኝ። አልቆጠርኩም አልኳት። እሷ ግን መቁጠር ጀመረች፤ የሰፈራችንን ልጆች በየስማቸው፣ ይኸኛው ሳሉ የማይለቀው፣ ያቺ ሳይሞላላት የተወለደችው። አላስቆምኳትም።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ነፍሰ ጡሮቹ ለክትትል በሚመጡበት ቀን፣ ያንኑ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተናገርኩ። አንዷ ሆዷን ይዛ "ታዲያ እስከ ዛሬ?" ብላኝ ወጣች። ሁለቱ ፓኬታቸውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥለው ሄዱ። ኃላፊያችን ከማዋለጃ ክፍል አንስቶ ካርድ ክፍል አድርጎኛል። አልከፋኝም ብልሽ እዋሻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እጄ ጓንት ይፈልጋል። አማትሽ ሰላም አትለኝም፤ ሹራቡን ግን ጨርሳ በራፌ ላይ አንጠልጥላልኝ አገኘሁት።

ስለ አሥራ አንዱ ለማንም አልተናገርኩም። እሱን መናገር የአንቺ ነው።

ባልሽን አታስገቢው፤ ማጨሱን እስኪያቆም። ይኸን የምልሽ ሥልጠናው ላይ የተማርኩትን ነው እንጂ ከራሴ አይደለም።

አክስትሽ


ነሐሴ 12 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፤

ካርድ ክፍል ወንበር አለው ይባላል፤ ጉልበትሽን አሳርፊበት፤ ፈጣሪም እጅሽን አያስፈታብሽ።

ስለ አሥራ አንዱ ለአማቴ ራሴ ጽፌላታለሁ። ያለኝን ቃል ሁሉ ሰብስቤ ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፍኩላት። የአንቺን ግማሽ ብቻ ሰምታ እንድትቀር አልፈለግሁም። ደብዳቤው ገና አልደረሳትም። ለልጇ ግን ምን እንዳለችው እንጃ፣ ባለፈው እሁድ መናፈሻ ውስጥ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ መጥቶ አቀፋት። በቀን ሁለት አድርሻታለሁ አለኝ። ቀንሺ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ዜሮ ስትሆን ደረጃውን ትወጣለህ ብዬ ሸኘሁት። እስኪታጠፍ አየሁት፤ ናፍቆኛል፣ ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ይቅርታሽን አልተቀበልኩም። ልቀበለው ስል ያ ደወል ይጮህብኛል፣ አሥሩ ቀን ትዝ ይለኛል። ራሴንም ይቅር አላልኩም፤ ስለዚህ ተራ ጠብቂ። እማማ እንፋሎት ግን ምንም ሳልላት ይቅር ብላኛለች መሰለኝ፤ እኔ ሥራ ስገባ ልጄን የምትይዝልኝ እሷ ናት።

ልጅሽ አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ደርሳለች። ስትስቅ ታፏጫለች፤ ስታፏጭ ደግሞ ራሷን ሰምታ ትስቃለች። ስድስት ወር ሆናት፤ ምግብ ልጀምርላት ፈልጌ ነበር። ሐኪሟ ግን ከተወለደችበት ቀን አትቁጠሪ፣ መወለድ ከነበረባት ቀን ቁጠሪ አለችኝ። ያንን ቀን ፈልጌ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ላይ ከበብኩት። እስከዚያ ጡት ብቻ ይበቃታል? ክብደቷስ ለዕድሜዋ ነው ወይስ አሁንም አንሷል? የምታውቂውን ጻፊልኝ። የማታውቂው ከሆነ አላውቅም በይኝ።

ቁንዶሽ